13 ጨዋታ ተኩል ወደኋላ ቀርቶ አንደኛ መውጣት ይቻላል እንዴ? (የ1951ዱ ኒውዮርክ ጃይንትስ)

የለገሃር ልጅ

ሰላም ወገን። ኳስ የሚወድ ሁሉ ይስማኝ፤ ጥያቄው ግን ስለ እግር ኳስ አይደለም።

ቅዳሜ ማታ ስታዲየም ጀርባ ያለችው የለመድናት ቤት ቁጭ ብለን ፕሪሚየር ሊግ እያየን ነበር። የኔ ቡድን ከመሪው በ9 ነጥብ ርቋል። «አበቃ በቃ፣ ቲቪውን አጥፉት» አልኩ። ከዲሲ ለዕረፍት የመጣው የአክስቴ ልጅ ሳቀብኝ። እሱ እዚያ ሄዶ የቤዝቦል በሽታ ይዞት መጥቷል። «9 ነጥብ ምን አላት! በ1951 ኒውዮርክ ጃይንትስ የሚባል ቡድን 13 ጨዋታ ተኩል ወደኋላ ቀርቶ አንደኛ ወጥቷል» አለ።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «ይሄማ አይሆንም። ከሆነ ሁለት ኪሎ ጥሬ ሥጋ እኔ እገዛለሁ» አልኩ። ጠረጴዛው ሙሉ ምስክር ነው።

አሁን ግራ የገባኝ ተኩሏ ናት። ግማሽ ጨዋታ የሚባል ነገር አለ እንዴ? አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ስልኩን ከፍቶ «ይሄ ቡድን እኮ በቴሌስኮፕ ሲሰልል ነበር» አለ። ጭቅጭቁ የጦፈው ያኔ ነው። አጭበርብሮ ያሸነፈ ቡድን ውርርድ ያስበላል ወይ? እኔ ከዚህ ስፖርት የማውቀው ኮፍያውን ብቻ ነው። የያንኪስ ኮፍያ የማይሸጥበት ሱቅ የለም፣ ያንኪስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሻጭ ግን አላየሁም። የምታውቁ እስኪ አስረዱኝ።

ታክሲ ተራ

ግማሽ ጨዋታ ማለት መሀል ላይ መብራት የጠፋበት ጨዋታ ነው። እኛ ሰፈር ሁሌም ግማሽ ጨዋታ ነው የምናየው። ለማንኛውም ሥጋው ሲቆረጥ አድራሻ ላክ።

ጡረተኛ የሒሳብ ሹም

ታዲያስ ልጄ። ታክሲ ተራ ቀልዱን ጨርሷል፣ እኔ ወደ ሒሳቡ ልግባ።

ይሄ ሽማግሌ ከየት አመጣው እንዳትሉኝ። በኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለሁ የሒሳብ አስተማሪያችን ፒስ ኮር ነበር። የብሩክሊን ልጅ ነው። ፐርሰንት ሲያስተምረን የጤፍና የበርበሬ ዋጋ አላነሳም። የቤዝቦል የደረጃ ሰንጠረዥ ሰሌዳው ላይ ይጽፍና «ይሄ ቡድን ከመቶ ስንት እጅ አሸነፈ?» ይለናል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አናጢ ያለዘበው ዱላና የቴኒስ ኳስ ይዞ ሜዳ ላይ ያሯሩጠናል። ይህን የ1951 ነገር ሳያነሳ ሳምንት አያልፍም ነበር። ደጋፊነቱ የብሩክሊን ዶጀርስ ነው፣ የተሸነፈው ቡድን። እንግዲህ እኔ ታሪኩን የሰማሁት ከሐዘንተኛው አፍ ነው። ኋላ ቸርችል ጎዳና ቢሮ ስሠራ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ መጽሐፍ እስከ አገጩ ደርድሮ ከሚያዞር ልጅ አንድ የቆየ የቤዝቦል ዓመታዊ መጽሐፍ ገዛሁ። አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ወደ ተኩሏ። ቤዝቦል ላይ ደረጃ የሚወጣው በነጥብ አይደለም። የሚቆጠረው ድልና ሽንፈት ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ናሽናል ሊግ፣ ከሁለቱ ታላላቅ ሊጎች አንዱ፣ 8 ቡድን ነበረው። አንዱ ቡድን ከሌሎቹ 7 ጋር 22፣ 22 ጊዜ ይገናኛል። 154 ጨዋታ መሆኑ ነው። ከሚያዝያ እስከ መስከረም በየቀኑ ይጫወታሉ ማለት ይቻላል፣ አንዳንዴም በቀን ሁለቴ። ዝናብ አንዱን ጨዋታ ያስቀራል፣ አንዱ ያርፋል፣ ሌላው ይደርባል። በአንድ ቀን ሰንጠረዡን ብታይ ሁሉም እኩል አልተጫወቱም።

ስለዚህ ርቀቱ እንዲህ ይሰላል። መሪው በድል ስንት ይበልጥሃል? አንተስ በሽንፈት ስንት ትበልጠዋለህ? ሁለቱን ደምረህ ለሁለት ታካፍላለህ። ነሐሴ 5 ቀን 1943 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ዶጀርስ 70 አሸንፎ 35 ተሸንፎ ነበር። ጃይንትስ 59 አሸንፎ 51 ተሸንፏል። የድሉ ልዩነት 11፣ የሽንፈቱ 16። ድምሩ 27፣ ለሁለት ሲካፈል 13 ተኩል። ተኩሏ ከዚህ መጣች። ደግሞ ዶጀርስ በዚያው ቀን ሁለተኛ ጨዋታ ነበረበት። ተሸነፈና ርቀቱ 13 ሆነ። የአክስትህ ልጅ የሚኮራባት ተኩል በሕይወት የቆየችው ለጥቂት ሰዓት ነው። ይህንን ስትነግረው ፊቱን እይልኝ።

ቀኑን በኛ አቆጣጠር የምጽፈው አመል ሆኖብኝ ነው። ሩቅ አገር የሆነ ነገር ሲነግሩኝ «ያን ቀን እዚህ ምን ነበር?» ሳልል አላልፍም።

ሚያዝያ 1943 ላይ ጃይንትስ ከመጀመሪያዎቹ 14 ጨዋታዎች 12ቱን ተሸነፈ። 11ዱ በተከታታይ ናቸው። እዚህ ሰሙነ ሕማማት ነበር፣ እዚያም ለጃይንትስ ደጋፊ ሕማማት። አሰልጣኙ ሊዮ ዱሮቸር ይባላል። ምላሱ መርዝ ነው፣ ከዳኛ ሳይጣላ ውሎ አያድርም። ቀድሞ ራሱ የዶጀርስ አሰልጣኝ ነበር። በ1948 በእነሱ አቆጣጠር፣ ውድድሩ መሀል ላይ ሳለ፣ ወደ ጎረቤቱ ተሻገረ። ሁለቱም የኒውዮርክ ቡድኖች ናቸው። አስተማሪያችን ስሙን ሲጠራ ጠመኔውን ይሰብር ነበር።

ዱሮቸር ግንቦት ላይ ሰው ማቀያየር ጀመረ። ግራ ሜዳ የነበረውን ዋይቲ ሎክማንን ወደ አንደኛ ቤዝ (ቤዝ ማለት መቺው እየሮጠ የሚረግጣቸው አራቱ ጣቢያዎች ናቸው) ወሰደ፣ አንደኛ ቤዝ የነበረውን ሞንቲ ኧርቪንን ወደ ግራ ሜዳ። ኧርቪን እጁ ተፈታ። ዓመቱን ሲጨርስ በሱ ምት 121 ረን፣ ማለትም ቤዞቹን ዞሮ የሚገኝ ነጥብ፣ ገብቷል፣ ከሊጉ አንደኛ።

ግንቦት 17 ደግሞ ዊሊ ሜይስ መጣ። ዕድሜው 20 ነው። ታችኛው ሊግ፣ ሚኒያፖሊስ ላይ፣ ከ149 ሙከራ 71ዱን መትቶ ነው የጠሩት። በዚህ ጨዋታ ከ10 ሦስት የመታ ጎበዝ ይባላል፤ ይሄ ልጅ ወደ አምስት ተጠግቷል። ኒውዮርክ ሲደርስ ግን ከመጀመሪያዎቹ 26 ሙከራዎች የሠመረችለት አንዷ ብቻ ናት። መልበሻ ክፍል ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ወደመጣሁበት መልሱኝ አለ። ያ ምላሰኛ ዱሮቸር ለሱ ሲሆን አባት ሆነ። እኔ እዚህ እስካለሁ መሀል ሜዳው ያንተ ነው አለው። በዓመቱ መጨረሻ ሜይስ የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ።

ሜይስ መሀል ሜዳውን ሲይዝ ቦታውን የለቀቀለት ቦቢ ቶምሰን ነው። ስኮትላንድ ውስጥ፣ ግላስጎ ከተማ የተወለደ ረጅም ሰው። ሐምሌ ላይ የሦስተኛ ቤዙ ሰው ሲጎዳ ቶምሰንን እዚያ አቆሙት። ይህን ስም ያዙልኝ።

ነሐሴ 5 እንግዲህ ያ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። በማግስቱ ማሸነፍ ጀመሩ። እስከ ነሐሴ 21 ድረስ 16 ጨዋታ በተከታታይ። እዚህ አገር ሰው ፍልሰታን ሲጾም ጀምረው፣ ጾሙ ተፈትቶም ሽንፈት አላዩም። ሁለቱ ዋና ወርዋሪዎቻቸው ሳል ማግሊና ላሪ ጃንሰን ዓመቱን 23፣ 23 ድል ይዘው ጨረሱ። ማግሊን «ፀጉር አስተካካዩ» ይሉታል። ኳሷን በመቺው አገጭ ሥር ስለሚያሳልፋት ነው።

ከነሐሴ 5 በኋላ በቀሩት 44 ጨዋታዎች 37 አሸነፉ፣ 7 ተሸነፉ። አሁን ልብ በሉ። ሰው ሁሉ «ዶጀርስ ተንኮታኮተ» ይላል። አስተማሪያችንም እንደዚያ ነበር የሚለው። መዝገቡ ግን አይልም። ዶጀርስ ከዚያች ቅዳሜ በኋላ 26 አሸንፎ 22 ተሸንፏል። ይሄ የደከመ ቡድን ነው እንጂ የሞተ ቡድን አይደለም። በጤናማ ዓመት በዚህ አካሄድ ዘና ብሎ ዋንጫ ይወስድ ነበር። ከኋላው የመጣው ግን ከ6 ጨዋታ 5ቱን እያሸነፈ ነው የመጣው። ምን ያድርግ?

የመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1944፣ ዓርብ፣ ዶጀርስ በፊላደልፊያ 4 ለ 3 ተሸነፈና እኩል ሆኑ። የመጨረሻው ቀን እሑድ መስከረም 19 ነው። ጃይንትስ ቦስተንን 3 ለ 2 አሸንፎ ሥራውን ጨረሰ። ዶጀርስ አሁንም ከፊላደልፊያ ጋር ነው፤ ከተሸነፈ አለቀ። 9 ኢኒንግ፣ ሁለቱም በየተራ የሚመቱበት ዙር ማለት ነው፣ አልበቃቸውም። 12ኛው ላይ የዶጀርሱ ጃኪ ሮቢንሰን፣ ያ በእነሱ አቆጣጠር በ1947 ጥቁሮችን ያገለለውን የዘር አጥር ያፈረሰው፣ ተወርውሮ አንድ ኳስ ያዘ። ባይዛት ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያ ያበቃ ነበር። 14ኛው ላይ ራሱ ሆም ረን መታ፣ ከአጥሩ አልፋ የምትወጣ ምት። 9 ለ 8። ሁለቱም 96 አሸንፈው፣ 58 ተሸንፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ጨረሱ።

ጣቴ ደክሟል። ሻይ ልጠጣ።

ታክሲ ተራ

ቆይ ቆይ ጋሼ! እኩል ከጨረሱማ አንደኛ አልወጣም። ውርርዱ ፈርሷል። ሥጋው ግማሽ ግማሽ ይከፈል፣ እኔ እንደ ዳኛ ጎድኑን እወስዳለሁ።

የለገሃር ልጅ

ታክሲ ተራ ዛሬ ወድጄሃለሁ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ያስረዳኝ ሰው የለም። ግን ልጁ ያለው ልክ ነው እንዴ? እኩል ከሆነ እኔ ተርፌያለሁ ማለት ነው?

ጡረተኛ የሒሳብ ሹም

አልተረፍክም። በዚያ ዘመን በናሽናል ሊግ ደንብ እኩል ከሆኑ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ያልፍ ነበር። እነዚህ ጨዋታዎች ደግሞ ከዓመቱ መዝገብ ጋር ይደመሩ ነበር። መጨረሻ ላይ ጃይንትስ 98 ለ 59፣ ዶጀርስ 97 ለ 60 ሆኖ ነው የተዘጋው። በንጹሕ አንድ ጨዋታ ልዩነት። ሥጋ ቤቱን ከወዲሁ አነጋግር።

ሦስቱ ጨዋታዎች ተከታትለው ተደረጉ። መስከረም 20 ብሩክሊን ላይ ጃይንትስ 3 ለ 1 አሸነፈ። ቶምሰን ራልፍ ብራንካ የሚባለውን የዶጀርስ ወርዋሪ ሆም ረን መታበት። መስከረም 21 ወደ ጃይንትስ ሜዳ፣ ወደ ፖሎ ግራውንድስ ሄዱ፤ ዶጀርስ 10 ለ 0 ቀጠቀጣቸው። ቀረች መስከረም 22፣ ረቡዕ።

ተመልካቹ 34,320 ነበር። የኛ ስታዲየም ጢም ሲል የሚይዘውን ያህል ማለት ነው። ፖሎ ግራውንድስ ግን 55,000 ገደማ ይይዛልና ወንበሩ ባዶ ባዶ ነበር። ይሄ ሁሌ ይገርመኛል። «ነበርኩ» የሚለው ሰው ብዛት ግን ስታዲየሙን ሦስቴ ይሞላል።

የዶጀርስ ወርዋሪ ዶን ኒውኮም ነው፣ ግዙፍ ሰው። እስከ 7ኛው ኢኒንግ 1 ለ 1። 8ኛው ላይ ዶጀርስ 3 ጨመረና 4 ለ 1 ሆነ። የመጨረሻው ኢኒንግ፣ የጃይንትስ የመጨረሻ ዕድል። አልቪን ዳርክ መታና አንደኛ ቤዝ ገባ። ዶን ሙለር መታና ተከተለው። ኧርቪን፣ ያ ዓመቱን ሙሉ የተሸከማቸው ሰው፣ ኳሷን ወደ ላይ ሰቅሏት ተያዘች። ሎክማን ጠንካራ ምት መታ፤ ዳርክ ገባ፣ 4 ለ 2። ሙለር ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሲንሸራተት ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳና በቃሬዛ ወጣ። ጨዋታው ቆመ።

ኒውኮም አብቅቷል። የዶጀርስ አሰልጣኝ ቻርሊ ድሬሰን ወርዋሪዎቹ ወደሚሟሟቁበት ስልክ ደወለ። ሁለት ሰው ተዘጋጅቷል፣ ካርል ኧርስኪንና ብራንካ። የኧርስኪን ኳስ መሬት እየነካች ነው ተባለ። ብራንካን ላኩት አለ። ጀርባው ላይ 13 ቁጥር አለ። የሚጠብቀው መቺ ቶምሰን ነው፣ ከሁለት ቀን በፊት የመታው ያው ሰው። ከቶምሰን ቀጥሎ ተራውን የሚጠብቀው ደግሞ ሜይስ።

የመጀመሪያዋ ኳስ አለፈች። ሁለተኛዋን ቶምሰን ወደ ግራ መታት። ዝቅ ብላ በርራ ተመልካቹ መሀል ገባች። ሁለቱ ቤዝ ላይ የነበሩት ገቡ፣ እሱ ራሱ ሦስተኛ። 5 ለ 4። የጃይንትስ ሰዎች መነሻው ቤዝ ላይ ተጠራቅመው ይዘላሉ። የዶጀርስ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ወደ መልበሻ ክፍል ይሄዳሉ። ሮቢንሰን ብቻ ቆሟል። ቶምሰን እያንዳንዷን ቤዝ መርገጡን እየተከታተለ ነው፤ አንዷን ቢዘል ሊከስ።

አስተማሪያችን እዚህ ሲደርስ ድምፁ ይቀየር ነበር። የብራንካን ስም አይጠራም። «ያ ሰውዬ» ነው የሚለው።

የድሮዋ ካዛንቺስ

ጋሼ፣ አጻጻፍዎ እንደ ሬዲዮ ነው፣ ፈገግ እያልኩ ነው ያነበብኩት። ግን የልጁን ሦስተኛ ጥያቄ ዘለሉት። ቴሌስኮፑስ? እኔ ይሄ ነገር አይዋጥልኝም። አንድ ቡድን ከሰው መስኮት ሲሰልል ከርሞ «ተአምር» ይባልለታል? እኛ አገር ቢሆን ፌዴሬሽን፣ ይግባኝ፣ የይግባኝ ይግባኝ፣ እስከ ዛሬ አያልቅም ነበር።

ጡረተኛ የሒሳብ ሹም

አልዘለልኩትም እህቴ፣ ለብቻው አስቀምጬው ነው። ይሄ ነው ዋናው ክርክሬ።

መጀመሪያ ምን እንደነበረ። ወርዋሪው ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረውር የሚነግረው ከመቺው ኋላ የተቀመጠው ተቀባይ ነው። በጭኖቹ መሀል በጣቱ ምልክት ይሰጣል፦ ፈጣን፣ ወይም የምትታጠፍ። መቺው ይህን ቀድሞ ካወቀ ግማሽ ሥራው ቀለለ። ፖሎ ግራውንድስ ላይ የቡድኖቹ መልበሻ ክፍል ከመሀል ሜዳው መጨረሻ ነበር፣ ልክ ከተቀባዩ ትይዩ፣ ወደ 150 ሜትር ርቆ። ከሐምሌ 1943 አጋማሽ ጀምሮ ጃይንትስ እዚያ መስኮት ላይ ቴሌስኮፕ ተከለ። ከረዳት አሰልጣኞቹ አንዱ፣ ኸርማን ፍራንክስ፣ ቁጭ ብሎ ጣት ያነባል። ከዚያ በኤሌክትሪክ ደወል ተጠባባቂዎቹ ዘንድ ይደውላል። እዚያ የተቀመጠ ተጫዋች በእንቅስቃሴው ለመቺው ይነግረዋል። ይሄ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ነው።

ለ50 ዓመት ሹክሹክታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ዎል ስትሪት ጆርናል ላይ ጆሹዋ ፕሬገር የሚባል ጋዜጠኛ ያኔ በሕይወት የነበሩትን ተጫዋቾች አናግሮ አወጣው። አመኑም።

እንግዲህ እኔ እንደ ሒሳብ ሰው የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ቴሌስኮፑ ስንት ረን አመጣ? ቴሌስኮፕ ባቡር ተሳፍሮ አይሄድም። የሚሠራው ሜዳቸው ላይ ብቻ ነው። የሦስቱን ጨዋታዎች ደረሰኝ ልዘርጋላችሁ። የመጀመሪያውን ያሸነፉት ብሩክሊን ላይ ነው፣ ቴሌስኮፕ በሌለበት። ሁለተኛው ሜዳቸው ላይ ነው፣ መስኮታቸው ሥር፤ 10 ለ 0 ተሸነፉ። ባዶ! ሦስተኛው ላይም ኒውኮም በ8 ኢኒንግ የሰጣቸው አንድ ረን ብቻ ነው። ቴሌስኮፑ ያን ሁሉ ሰዓት ምን ይሠራ ነበር? ቁጥር ቆጣሪዎች ዓመቱን ሙሉ መርምረውታል። ከቴሌስኮፑ በኋላ ሜዳቸው ላይ መምታታቸው አልተሻሻለም። የተሻሻለው ከሜዳቸው ውጭ መምታታቸውና ወርዋሪዎቻቸው ናቸው። ማግሊ የሚወረውረውን ኳስ ቴሌስኮፕ አያፈጥነውም።

ስለዚህ የኔ ፍርድ፦ ሊያጭበረብሩ ቋምጠው ነበር፣ ሞክረዋልም፣ ነውር ነው። 37 ለ 7ን የሠራው ግን ቴሌስኮፑ አይደለም።

የድሮዋ ካዛንቺስ

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ የሂሳብ ሠራተኛ አማካይ ነው። ለብራንካ አማካይ ምን ያደርግለታል? እሱ የተመታው በአንዲት ኳስ ነው። 99 ጊዜ ያልሠራ ቴሌስኮፕ በመቶኛው ቢሠራ በቂ ነው። ያቺን ኳስ ቶምሰን አውቆ ጠበቃት ወይስ አላወቀም? ጥያቄው ይህ ብቻ ነው።

ጡረተኛ የሒሳብ ሹም

ይሄ ጥሩ መልስ ነው። እመቤቴን፣ ኦዲተር መሆን ነበረብሽ።

ቶምሰን ምልክት እንደሚሰረቅ አመነ፣ ለዚያች ኳስ ግን አልተቀበልኩም አለ። ብራንካ ነገሩን የሰማው ገና እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፣ ዲትሮይት ሲጫወት ከቡድን ጓደኛው። ዝም አለ። ጋዜጣ እስኪያወጣው ድረስ ወደ 50 ዓመት ዝም። የሚያለቅስ ተሸናፊ መባል አልፈለገም። ሁለቱ ሰዎች እንዲያውም ወዳጅ ሆነው ነው ያረጁት፤ አብረው ግብዣ እየሄዱ፣ ያቺን ቅጽበት የሚያሳይ ፎቶ ላይ ጎን ለጎን እየፈረሙ። እ.ኤ.አ. ቶምሰን በ2010፣ ብራንካ በ2016 አረፉ።

ደንቡን ከጠየቅሽ፣ በዚያ ዓመት በመሣሪያ ምልክት መስረቅን በግልጽ የሚከለክል አንቀጽ አልነበረም። ናሽናል ሊግ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ለዚህ ነው ዋንጫ የሚነጥቅ ያልተገኘው። ይሄ ነውሩን ያጥባል እያልኩ አይደለም። ለውርርዱ ግን ይበቃል። ልጁ የተወራረደው «አይሆንም» ብሎ እንጂ «በንጽሕና አይሆንም» ብሎ አይደለም።

ስድስት ኪሎ

ከርእሱ ብወጣ ይቅርታ። 1943 እና 44 ስትሉ አያቴ ትዝ አለኝ። ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ነበር፣ ከአሜሪካኖቹ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጎን። አንድ ነገር ደጋግሞ ይነግረን ነበር። አሜሪካኖቹ ወታደሮች ግንባር ላይም ሆነው ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስበው በዱላ የሚመታ ኳስ ይሰማሉ። በሲጋራ ይወራረዳሉ። አንዱ ሲጮህ ሌላው ኮፍያውን መሬት ላይ ይጥላል። የኛዎቹ ሐበሾች ቆመው ሲያዩ «እነዚህ ሰዎች ጦርነቱን ረሱት እንዴ?» ይባባላሉ። ያቺ የመስከረም 22ቷ ጨዋታ ትሆን ይሆን ጋሼ?

ጡረተኛ የሒሳብ ሹም

አያትህ ነፍሳቸው ይማር። ወይም ካሉ ዕድሜ ይስጥልን። ያቺ ጨዋታ በአሜሪካ ጦር ሬዲዮ ተላልፋ ኮሪያ ያሉ ወታደሮች ሰምተዋታል፤ እዚያ ሊነጋጋ ሲል ይሆናል። አያትህ ያዩት ያንን ይሁን ሌላ፣ ሲጋራው ግን ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ አያጠራጥርም። የኮሪያው ጦርነት እኮ ተጫዋቾቹንም ነክቷል። ሜይስ በቀጣዩ ዓመት ለውትድርና ተጠራ። ኒውኮምም እንደዚሁ። የቦስተኑ ቴድ ዊሊያምስ ተዋጊ አውሮፕላን እያበረረ ኮሪያ ላይ ዘምቷል።

ስድስት ኪሎ

ቴድ ዊሊያምስን አላወቅሁም፣ ግን አያቴ ቢሰማ ይስቅ ነበር። የኳስ ተጫዋች አውሮፕላን ያበራል ብሎ አያምንም።

የለገሃር ልጅ

በቃ ተሸንፌያለሁ፣ አምኛለሁ። የሥጋ ዋጋ እንዲህ በጨመረበት ጊዜ ሁለት ኪሎ ማለቴ ነው የሚቆጨኝ። የአክስቴን ልጅ ግን በተኩሏ አቃጥለዋለሁ። ጋሼ፣ ሁለት ነገር ብቻ። ይሄ ነገር በድምፅ አለ? ሬዲዮው ላይ የጮኸው ሰውዬ ማለቴ ነው። ደግሞ ከዚያ በኋላ ትልቁን ዋንጫ ወሰዱ?

ጡረተኛ የሒሳብ ሹም

ድምፁ አለ፣ ስልክህ ላይ ፈልገው። ጋዜጠኛው ራስ ሆጅስ ይባላል። «ጃይንትስ አሸነፈ» የምትለዋን አራት ጊዜ ይጮሃታል፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ። እንግሊዝኛ ባይገባህም ይገባሃል።

እንዴት እንደተረፈ ግን ልንገርህ። የሬዲዮ ጣቢያው ቀድቶ አላስቀመጠውም። ብሩክሊን የሚኖር አንድ ሰው፣ በጠላት ሰፈር የጃይንትስ ደጋፊ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ሥራ መሄድ ነበረበት። እናቱን «መጨረሻው ላይ ቴፑን ክፈችልኝ» ብሎ ለመነ። እሳቸውም ከፈቱለት። ዛሬ የምንሰማው የእሳቸውን ቴፕ ነው።

ትልቁን ዋንጫ፣ የሁለቱ ሊጎች አንደኞች የሚፋለሙበትን፣ ስላልከው፣ አልወሰዱም። ኧርቪን፣ ሜይስና ሃንክ ቶምፕሰን ሦስቱም ጥቁሮች ሆነው የኋላ ሜዳውን ያዙ። በዚያ ውድድር ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በያንኪስ 4 ለ 2 ተሸነፉ። አዎ፣ በዚያ ኮፍያው በየሱቁ በተሰቀለው።